ሊሊ ዝም ያለችበት ክረምት

ሰኔ 9

እንቁላሉ እውነትም ተንሳፈፈ።

መጽሔቱ ላይ እንደተጻፈው ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ከከድሩ ሱቅ የገዛኋቸውን እንቁላሎች በሙሉ ከተትኳቸው። ትኩሱ ታች ጋደም ይላል፣ የሰነባበተው በጫፉ ይቆማል፣ የተበላሸው ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ወጣ። ስንት ዘመን እንቁላል እየነቀነቅኩ፣ ወደ ፀሐይ እያነሳሁ ስገዛ ኖሬ መልሱ ለካ ሳፋዬ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ውስጤ ፍክት ይላል። ወዲያው ፎቶ አንስቼ ለቴሌግራም ቡድናችን ላክሁት። «የሰፈር እናቶች» ይባላል፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

መጽሔቶቹን የሚሰጠኝ ከድሩ ነው። ለመጠቅለያ በኪሎ ከሚገዛው አሮጌ ወረቀት መሀል የቤተሰብ መጽሔት ሲያገኝ ከባንኮኒው ስር ያስቀምጥልኛል። «የሊሊ እናት፣ ትምህርትሽ መጥቷል» ይለኛል። አንዳንዱ ሽፋን የለውም፤ የአንዳንዱ መሀሉ ተገንጥሎ ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል።

ሊሊ ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የወጣውን እንቁላል በጣቷ ወደ ታች ትጫነዋለች። ይወጣል፣ ትስቃለች። ሳቋ እንዴት እንደሚያምር። ከአንድ ሁለት ቃል በቀር ግን ንግግር የለም። መስከረም ላይ አራት ዓመቷ ነው።

ሰኔ 12

ሥራዬን ከተውኩ ገና ጥቂት ሳምንቴ ነው። ከተማ መድኃኒት ቤት ስሠራ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነበር ቡራዩ የምመለሰው። ሊሊ ውሎዋ ከአጥራችን ማዶ ከባለቤታቸው ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ከሚኖሩት ከአዴ ደጊቱ ጋር ነበር። ቆማ መሄድ የጀመረችው እሳቸው ግቢ ነው፣ የላሟን ጭራ ይዛ አሉ። ማታ አንቀላፍታ አቅፌያት እመጣለሁ።

ሐኪሙ ጆሮዋን አይቶ ምንም የለባትም ብሏል። «አናግሯት፣ ጊዜ ስጧት።» ጊዜ ልሰጣት ብዬ ነው እንግዲህ ቤት የዋልኩት። እንደ ልጅ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም። ባዶ እጁን መጥቶ ሁሉን ነገር ከእኛ ይለቅማል። የእኔዋ ለምን አልለቀመችም?

ሰኔ 15

አገኘሁት! ሽፋን ከሌለው መጽሔት ውስጥ። ርእሱ «ልጅዎ ለምን አፉን አልፈታም?» ይላል። እንዳለ ልገልብጠው፦ «ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚሰማ ሕፃን ግራ ይጋባል፤ በመጨረሻም ሁለቱንም ይተዋል። ስለዚህ ወላጆች አንዱን መርጠው ሌላውን መዝጋት አለባቸው ሲባል ኖሯል። (ወደ ገጽ 31 ዞሯል)።»

ገጽ 31 የለም። ግድ የለም፣ ፍሬ ነገሩን አግኝቻለሁ።

እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ሊሊ ውሃ ሲጠማት «ቢሻን» ነው የምትለው። ድመቷን ስትጠራ «ኮቱ» ትላለች፣ ነይ ማለቷ ነው። አማርኛው ከኦሮምኛው ተጣብቆባት አንዱም አልወጣ ብሎ ነው። ሌላ መጽሔት ላይ ደግሞ «የፈለገውን ነገር በስሙ እስኪጠራ ድረስ አይስጡት» የሚል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ አደርጋቸዋለሁ። ለቡድኑም ጻፍኩት። የልብ ምልክት በልብ ምልክት ላይ ወረደልኝ።

ሰኔ 16

አዴ ደጊቱ ወተት ይዘው ሲመጡ ነገርኳቸው።

«ለጊዜው ሊሊን በአማርኛ ብቻ ያናግሩልኝ፣ አዴ ደጊቱ። ሁለቱ ተደባልቆባት ነው አፏ የታሰረው።»

«ማነው ያለው?»

«መጽሔት ላይ ነው። ባለሙያዎች ናቸው።»

«እኛ እኮ ልጆቻችንን ሁሉ በሁለቱም ነው ያሳደግነው፣ ሃደ ሊሊ። ገበያው በዚህ፣ ቤቱ በዚያ።» ሃደ ሊሊ የሊሊ እናት ማለታቸው ነው።

«እሱማ ልክ ነዎት። የእኔዋ ግን ትንሽ ለየት ትላለች።»

«ኤዬ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ባዶ ጆጋቸውን አንስተው ሄዱ። ሊሊ እስከ በሩ ተከተለቻቸው፤ መለስኳት። ቅር አላቸው እንዴ? ክፉ ነገር እኮ አልተናገርኩም። በትሕትና ነው የጠየቅኳቸው።

ሰኔ 22

ጽኑ መሆን ያስፈልጋል ይላል መጽሔቱ። ጠዋት «ቢሻን» አለች። «ውሃ በይ» አልኳት። ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «ውሃ። በይ፣ ውሃ።» አየችኝ። ብርጭቆውን አየች። ዞራ ሄደች።

ከሰዓትም እንደዚያው። ማታ አባቷ ሳያስጠራት ሰጣት። የሺጥላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ያፈርስብኛል።

ሐምሌ 1

አዴ ደጊቱ ሊሊን ማናገር ጨርሶ ተዉ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉላታል፣ ያልፋሉ። በአማርኛ ያናግሯት ነው ያልኩት፣ ዝም ይበሉ አላልኩም።

ሊሊም «ቢሻን» ማለት ተወች። ይህ መሻሻል ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። መጀመሪያ አሮጌው ይወጣል፣ ከዚያ አዲሱ ይገባል።

ሐምሌ 5

መብራት የለም። በባትሪ ነው የምጽፈው። የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር፦ ሞከርኩት፣ ጠዋት ደረቅ ነበር! ጨው ውስጥ ጥቂት ሩዝ ጣል ማድረግ፦ በዚህ ዝናብ እንኳን አልረጠበም። ለቡድኑ ልኬያለሁ።

ሊሊ ምንም።

ሐምሌ 8

ቦኖው ጋ ተራ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ያቺ እንኳን ልጇ ዲዳ የሆነችባት?»

«እንዴ፣ እሷ አይደለችም እንዴ በቴሌግራም የምታስተምረን?»

አልዞርኩም። ጀሪካኔ ሳይሞላ ይዤ መጣሁ።

ሐምሌ 11

ዛሬ የጣለውን ዝናብ አይቼ አላውቅም። ከገፈርሳ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎንበስ ቀና ይል ነበር፤ ሰማይና ምድር ተያያዙ። በረንዳ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የዚያን ያህል ውሃ ከየት ይመጣል?

ሊሊን ከአሸንዳው ስር አገኘኋት፣ አፏን ወደ ላይ ከፍታ የሚወርደውን ስትጠጣ። ልጆች ዝናብ ይወዳሉ። ልብሷን ቀየርኩላት።

ሐምሌ 14

እትዬ እልፍነሽ ደወለች። የየሺጥላ ታላቅ እህት ናት፤ ጎፋ ሰፊ ቤት አላት፣ ልጆቿ አግብተው ወጥተውላታል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እኔ ጋ ትምጣ። እዚህ መዋዕለ ሕፃናቱ በራችን ላይ ነው። እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ያናግራታል? እስከ ጷጉሜ ካልተናገረች እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ። አንድ ዓመት ትክረምልኝ፤ ከዚያ ትመልሷታላችሁ።»

የሺጥላ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። «እሺ፣ እንግዲህ እስከ ጷጉሜ እንይ» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ፣ «አዴ ደጊቱ ጋ ስትውል እኮ ታወራ ነበር» አለኝ። ድምፅ ታወጣ ነበር እንጂ ማውራት አይባልም አልኩት። እኔ ሥራ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ ጠብቆ ምን ያውቃል?

አንድ ዓመት! አራት ዓመት የሆነው ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የእናቱን ሽታ ይረሳል። ይህንን የትኛውም መጽሔት አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የማውቀው።

ሐምሌ 26

የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ወሰድኳት። ዳይሬክተሯ ጥሩ ሴት ናቸው። ስሟን ጠየቋት፣ ቀለም ጠየቋት፣ ከረሜላ አሳዩዋት። ሊሊ ጣሪያውን ታያለች። «ቸኩለን አንወስን፤ መስከረም ላይ እንደገና እናያት» አሉኝ።

በመንገድ ላይ እጇን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ስጎትታት ለራሴ ታወቀኝ። ምን አድርጋኝ ነው?

ነሐሴ 3

ሶያማ ቡድኑ ላይ ጻፈችልኝ። ከላይ ሰፈር ያለችው፣ ከሆሳዕና የመጣችው ናት። «የሊሊ እናት፣ ተባረኪ። ምክርሽን ተቀብዬ እናቴ ለልጁ በሃዲይኛ እንዳታወራ አድርጌያለሁ። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል።» የእጅ ምልክት ላኩላት ሁሉም።

ጸጥ ብሏል። ቃሉ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ነሐሴ 8

አልጋ ስር ከጨርቅ አሻንጉሊቷ ጋር ታንሾካሹካለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ ታቆማለች። ጸሎት የሚመስል፣ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ሹክሹክታ። ዝም ብሎ ድምፅ ይሆናል።

ነሐሴ 15

እልፍነሽ ልብስ ገዝታለች አሉ። የሊሊን ቀይ ሹራብ አጥቤ አሰጣሁት፤ አይደርቅም። የሺጥላ አያናግረኝም፣ እኔም አላናግረውም። ዛሬ እሷን ስድስት ጊዜ «በይ» አልኳት መሰለኝ። ከዚያ በላይም ይሆናል።

ነሐሴ 21

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ሊሊ የለችም። አልጋ ስር የለችም። በረንዳ የለችም። የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ወንዙ ከትናንት ጀምሮ ሞልቶ ድምፁ እስከ ቤታችን ይሰማል። ስሟን እየጠራሁ ሮጥኩ፤ ስጠራት አቤት እንደማትል ትዝ ሲለኝ ወደ ከድሩ ሱቅ ዞርኩ። ከድሩ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ሰዎች ተከተሉት። እኔ ጓሮ ለጓሮ ዞርኩ። የአዴ ደጊቱን ግቢ በመጨረሻ ነው ያየሁት፤ ከተኳረፍን ወዲህ ደጃቸውን ረግጬ ስለማላውቅ እግሬም አላመራኝ።

በጋጣው ጀርባ ሳልፍ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ያወራል። ይጠይቃል፣ ያስረዳል፣ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። የማን ልጅ በእንግድነት መጥቶባቸው ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ አፉ የተፈታ ልጅ ስሰማ ቅናት ቢጤ ይነካኛል። ልጄ ጠፍታ፣ ወንዙ እየጮኸ፣ እዚያ ቆሜ ቀናሁ።

በእንጨቱ መሀል አጮለቅሁ። ሊሊ ናት።

ገና አሁን የተወለደች ጥጃ ገለባ ላይ ተኝታለች፣ እናቷ ትልሳታለች። አዴ ደጊቱ በርጩማ ላይ፣ ልጄ እግራቸው ስር። አዴ ደጊቱ «ሂቦ» አሉ። የእኛ እንቆቅልህ መሆኑ ነው፣ ያን ያህል እንኳን አውቃለሁ። ሊሊ መለሰች። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነና ጠየቀቻቸው። አዴ ደጊቱ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ፣ ተሸነፉ። አገር መስጠት አለባቸው። ሆለታን ሰጧት፤ ራሷን ነቀነቀች። ሰበታን ሰጧት፤ አልፈልግም። ሱሉልታን ሲሰጧት እጇን አጨብጭባ ተቀበለች።

ከጋጣው ክዳን የሚወርደው ጠብታ አንገቴ ውስጥ ይገባል። አልተንቀሳቀስኩም። ከምትለው ሁሉ «ጀቢ» የምትለውን ብቻ ለየሁ፣ ጥጃ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ አለፈኝ። ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይረዝማል፣ ሳይሰበር ያርፋል። እግዚአብሔር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የት አስቀምጣው ነበር? የእኔ ማሕፀን ነው ይህን ያወጣው? ጥጃዋ በዚያው ሰዓት በአራት እግሯ ልትቆም ትታገል ነበር፣ ወደቀች፣ ቆመች። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት አቅቶኝ አለቀስኩ።

ላሟ ናት መኖሬን ያወቀችብኝ። ስትዞር አዴ ደጊቱም ዞሩ፤ ደንግጠው ተነሱ። «ራሷ ናት የመጣችው፣ ሃደ ሊሊ። ላሟ ስታምጥ ሰምታ ነው። ልመልሳት ነበር።»

ሊሊ አየችኝ። የጀመረችው ነገር ነበር። ሳትጨርሰው አፏን ዘጋች።

ነሐሴ 22

ጠዋት ወደ አዴ ደጊቱ ሄድኩ። ማረፊያ ሳይሰጡኝ ቆሜ ጠየቅኳቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታወራው?»

«አታውቂም ነበር እንዴ?»

«አላውቅም።»

«የምታውቂ መስሎኝ ነው፤ አፏ ታሰረ ስትዪኝ የአማርኛውን ያልሽ መሰለኝ። ዓመት ሊሞላት ነው እኮ። አፏን የፈታችው እዚሁ ነው። ማታ ልትወስጃት ስትመጪ ደክሟት ትተኛለች፣ አንቺም ደክሞሻል።»

ትናንት ምን ብላ ነው ያሸነፈችዎ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «ከራሷ ያወጣችው ነው። እግር የለውም፣ ጣሪያችን ላይ ይሮጣል አለችኝ። መልሱ ዝናብ ነው። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ አገር ልስጣት ብዬ ነው።»

እግር የለውም፣ ጣሪያችን ላይ ይሮጣል። እኔ ውሃ በይ ስላት ዝም ያለችኝ ልጅ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሊሊን እንደ ድሮው ያናግሯት አልኳቸው። «እሺ፣ ገለቶሚ» አሉ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። «አንቺም ግን ቁጭ በይ። ቆመሽ የምትሰሚ ከሆነ ዝም ትላለች።» በርጩማውን ለቀቁልኝ።

ነሐሴ 24

ከድሩን ገጽ 31 ትገኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። «የሊሊ እናት፣ እሷማ በርበሬ ይዛ ሄዳለች። ምን ይል ነበር?»

«እንጃ። ልኬን የሚነግረኝ ሳይሆን አይቀርም።»

ለቡድኑ ስጽፍ ስሰርዝ አመሸሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁት፦ «ስለ ሁለት ቋንቋ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ግማሹን ብቻ አንብቤ ነው። ሶያማ፣ እባክሽ እናትሽ ያውሩ።» አንዳንዷ ወጣች። ሶያማ ምንም አላለችም፤ በኋላ ግን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስከፍተው የእሷ ድምፅ አይደለም። አንዲት አሮጊት ናቸው፣ የማላውቀውን ያዜማሉ፣ ሕፃን ይስቃል። ደጋግሜ ሰማሁት።

ነሐሴ 29

በየቀኑ ጋጣው ውስጥ እቀመጣለሁ። ምንም አልጠይቃትም። ዛሬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለጥጃዋ አወራች። በእኔ ፊት!

ለየሺጥላ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። «ለእልፍነሽ ግን ምን ልበላት? በአማርኛ ከእኛ ጋር ካላወራች እወስዳታለሁ ነው የምትለው። ቃል ገብቼላታለሁ።»

ሊሊ በአማርኛ እስካሁን አንድም ቃል አላለችም። ሰውየው እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕዳውን የምትከፍለው እሷ ናት።

ጷጉሜ 2

እልፍነሽ መጣች። አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛለች፣ ሐምራዊ። ሊሊን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «ሊሊዬ፣ ስምሽ ማነው? ለአክስትሽ ንገሪኝ» አለቻት። ሊሊ የቦርሳውን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ይኸው» አለች እልፍነሽ ወንድሟን እያየች።

«ታወራለች፣ እትዬ» አልኩ። «ከአዴ ደጊቱ ጋር እንደ ልቧ ነው የምታወራው። በኦሮምኛ።»

«እሰየው፣ ደስ ይላል። ከአንቺ ጋርስ?»

ልዋሽ አሰብኩ። አፌ እምቢ አለኝ። ቀዩ ሹራብ ታጥፎ አልጋው ላይ ነው፤ ራሴ ነኝ ያጠፍኩት።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አዴ ደጊቱ ጮክ ብለው መጣራት ጀመሩ። የድንጋጤ ድምፅ ነው፣ ተከታትሎ የሚወጣ። እልፍነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ምን ሆኑ? ምንድነው የሚሉት?» ብላ እኔን አየችኝ። ትከሻዬን ከፍ አደረግሁ። የሺጥላን አየችው። እሱም አልገባውም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን ተፋጠጥን።

«ጥጃዋ ገመዷን ፈታች» አለች ሊሊ።

እሷ ዚፑን ዘግታ ቀጠለች። «ጎመኑን እየበላች ነው። ኦቦ ዲሪርሳን ቶሎ ና እያሉት ነው።»

አማርኛ ነው። ጥርት ያለ፣ ተጎድቶ የማያውቅ አማርኛ። የሺጥላ ግድግዳውን ተደገፈ። እልፍነሽ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሊሊን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ምን እንዳሉ አልገባሽም?»

«አልገባኝም፣ እትዬ።»

«ለእሷ ግን ገባት።»

«ለእሷ ገባት።»

ምሳ በልታ ብዙም አልቆየች። ታክሲ ድረስ ሲሸኛት ወንድሟን «ተዋት፣ እዚሁ ትሁን» ስትለው ሰማኋት። ቦርሳውን ለሊሊ ትታላት ሄደች።

ማታ ሳስተኛት ማልቀስ እንዳልጀምር እየተጠነቀቅሁ ጠየቅኳት። «ሊሊዬ፣ ለእኔ ለምን አታወሪልኝም ነበር?»

አሰበች። እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። «አንቺ አይገባሽም» አለችኝ።

ሳትቆጣ ነው ያለችኝ፤ አዝናልኝ ነው። ከዚያ ስለ ጥጃዋ ነገረችኝ፣ ስለ ጎመኑ፣ ኦቦ ዲሪርሳ እንዴት ጭቃው ላይ እንደተንሸራተቱ፣ አንዱን በአማርኛ፣ ሌላውን በኦሮምኛ፣ እንደመጣላት። አላረምኳትም። እንቅልፍ እስኪወስዳት አወራች። ግማሹ ገባኝ።